እውነተኛዋ ውስጥ ናት

ጥርት ያለ ድምፅ አልወድም። ይህን ስናገር ሰዎች ጆሮዬን ያመመኝ ወይም ከሰው ለመለየት የምሞክር ይመስላቸዋል። ባለፈው ወር መካኒሳ ስልኬን ላሠራ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ገባሁ። ባለሙያው ስልኩን ከፍቶ ስፒከሩን ቀየረና አንድ ዘፈን አስጀምሮ «ጥርት ብሎ ይሰማል?» አለኝ። «አይሰማም» አልኩት። ግራ ገብቶት እንደገና ፈታው። «አሁንስ?» «አይሰማም።» ሦስተኛ ጊዜ ሲፈታው ካውያውን አግሎ ሊድ አቀለጠ፤ የቀለጠው ሊድ ጭስ አፍንጫዬ ሲደርስ ውሸቴ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ስልኩ ምንም አልነበረበትም።

ስለ ልጅነታቸው የሚጽፉ ሰዎች ደስ የሚል ሽታ ይመርጣሉ። የእኔ ልጅነት የሚሸተው የቀለጠ ሊድና የተቃጠለ ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር ሲቃጠል ምን እንደሚሸት ለማያውቅ፣ የተቃጠለ ጥፍርና የጋለ አቧራ አንድ ላይ ነው። ስልኬን ያሠራሁበት ሱቅ ጣሪያ ዙሪያውን በትንንሽ ቀይ መብራቶች ተሸፍኖ ነበር፤ አሁን በሜትር ይሸጣሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም የአጎቴ ነበሩ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ወንዶች በዙር ለብሔራዊ ውትድርና የሚወሰዱበት። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ነበር፣ በመካከላችን አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍና አንድ የውሃ ቦይ ብቻ። መካኒሳ ያኔ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ እርሻ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከላፍቶ በኩል ወተት ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች በዚያው ቦይ ዳር ያልፋሉ። በቀበሌው ግቢ ረጅም እንጨት ላይ ሁለት የድምፅ ጥሩምባዎች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ወደ እኛ፣ አንዱ ወደ ማዶ ይመለከታል።

ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው ድምፁ ቀጭን ነበር። ከመሾሙ በፊት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር ይባላል፤ ሲናገርም ለራሱ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብሎ ነው። ድምፁን ለጥሩምባዎቹ የሚያጎላው ሳጥን፣ ማጉያው፣ ደግሞ ቀስ ያለ ድምፅ አይችልም። ሲጮሁበት እንደምንም ያወጣል፣ ቀስ ሲሉበት ግን ይቆራርጠዋል። ከጓድ በላቸው አፍ «ነገ ጠዋት» ተብሎ የወጣው ነገር እኛ ጋ ሲደርስ ጆንያ የሚቀደድ ይመስላል።

ሰፈሩ በዚህ የተከፋ እንዳይመስላችሁ። አልሰማሁም ማለት ይቻል ነበር። ከስብሰባ የቀረ፣ ለጽዳት ዘመቻ ያልወጣ፣ ከሰልፍ ያመለጠ ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፤ «ማይኩ አይሰማም፣ ጓድ።» ማንም ሊከራከረው አይችልም፣ እውነት ነውና። ስለ ነጻነት ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። በየትኛውም ውስጥ ስለ ተበላሸ ማጉያ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም፤ ጸሐፊዎቹ መካኒሳ ኖረው ስለማያውቁ ይሆናል።

የዚህ ሙያ አለቃ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ። ልጃቸው ግርማ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለምዝገባ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ «አልሰማንም» ብለዋል። የስኳር ቀን ሲጠራ ግን ሰልፉ ላይ ከፊት የሚገኙት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የበሩ አብዮት ጠባቂ «እትዬ፣ ስኳሩ እንዴት ተሰማዎት?» ቢላቸው፣

«ስኳር እኮ ይሸተኛል፣ ልጄ» አሉት።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ነስሩ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሰፈሩ «ነስሩ ራዲዮ» ይለዋል፣ እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ። በመንገድ በኩል ካለችው ክፍላችን ግማሿን እናቴ ጨውና በርበሬ ትሸጥባታለች፣ ግማሿን እሱ ራዲዮ ይጠግንባታል። ራዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ነው የሚሄደው።

አጎቴ በዕድሜው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ተወስዶ ነበር። ያስቀረው ያ ማጉያ ነው። ጓድ በላቸው አንድ ቀን ሱቃችን በር ላይ ቆሞ፣ እናቴ እየሰማች፣ «አንተ ማይኩን እስካናገርክልን ድረስ ስምህን እኔ አላየሁትም» አለው። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ማጉያውን የሚያዳምጠው አልጋ ላይ እንደተኛ ሕመምተኛ ነበር። ትንሽ ካሳለ እናቴ የጨው መስፈሪያዋን ታስቀምጣለች። እስኪናገር ትጠብቃለች።

በዚያ ክረምት ከበላይ አካል የመጣ አንድ እንግዳ ሜዳው ላይ ቆሞ የጓድ በላቸውን ንግግር አዳመጠና ሲጨርስ «ምን ነበር ያልከው?» ብሎ ጠየቀው። ጓድ በላቸው ሁልጊዜ የሚናገረው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ስለሆነ ድምፁ ውጭ ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ማጉያው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዝናብ እየወረደበት እኛ ቤት መጣ።

አጎቴ ክዳኑን አንስቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሌላ ሰው ሲያየው አይወድም፤ እኔን የሚታገሠኝ የወደቀ ብሎን ቶሎ ስለማገኝ ነው። የብረት ቆብ የመሰሉ ሁለት ትራንዚስተሮች ትልቅ አሉሚኒየም ላይ ታስረዋል። በካቻቢቴው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው።

«እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለኝ። «አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል። ማዶ ጣውላ የሚሰነጥቁትን አይተሽ የለ? ትልቁን መጋዝ ለሁለት የሚይዙት?»

«አይቻለሁ።»

«አንደኛው ሲስብ ሌላኛው ምን ያደርጋል?»

«ያርፋል።»

«እጁን ይለቃል?»

አሰብኩ። «አይለቅም።»

«ከለቀቀ መጋዙ ይንጋደዳል። ተራው ሲደርስ እጀታውን ሲፈልግ እንጨቱ ይበላሻል። የእኛዎቹ ለቀዋል። ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚቀበለው የለም። ትልቅ ድምፅ ይዘለዋል። ትንሽ ድምፅ ግን ሙሉ በሙሉ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል።»

ሁለቱ ተራቸው ባይሆንም እጀታውን ለስለስ አድርገው እንዲይዙ የሚያደርጉ ሦስት ትንንሽ እቃዎች ነበሩ፤ ዳዮድ ይላቸዋል። ሞተዋል። ሁለት ቀን መርካቶን ዞሮ ምትክ አጣ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋው ሥር አንድ የሞተ ቴፕ አወጣ። ይህ ቴፕ በደኅናው ጊዜ ዘፈን ሲጫወት በግንባሩ ላይ አምስት ቀያይ መብራቶች ይደንሱበት ነበር። አምስቱንም ፈቶ በቴስተር ሞከራቸው። ሦስቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ በሩ።

«አንዷ የሦስቱን ዳዮድ ያህል ትይዛለች» አለ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሱ።

ከሁለቱ ቆቦች አጠገብ፣ አሉሚኒየሙን አስነክቶ ሰካት። እነሱ ሲግሉ እሷም አብራ ትግላለች፣ ስትግል ደግሞ ለቀቅ ታደርግላቸዋለች፣ አይቃጠሉም አለኝ። ከዚያ ሶኬቱን ሰካ። ከክዳኑ ሥር፣ ማንም በማያያት ቦታ፣ ቀይ ሆና በራች። አትደንስም። ፀጥ ብላ ነው የምትበራው።

«ለምንድነው የምታበራው፣ ማንም ካላያት?»

«እንድታበራ አይደለም ያስገባኋት። እየሠራች ስለሆነ ነው የምታበራው።»

«ብትነቀልስ?»

«ያኔ ሁለቱም ባንዴ በሙሉ ጉልበታቸው ይስባሉ። መጋዙም አይተርፍ፣ ሰዎቹም አይተርፉ።»

ይህን ሁሉ ዛሬ እረዳዋለሁ። ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። በትምህርት ቤትም በሰልፍም ላይ ጥሩ ነገር ሁሉ ቀይ ስለነበር፣ መብራቷ ቀይ የሆነችው ጓድ በላቸውን ለማክበር ነው ብዬ ደመደምኩ። ሥራዋም እንደ ሻይ ማጥለያ ነው፤ የጓድ በላቸው ድምፅ በእሷ ውስጥ ሲያልፍ አተላው ይቀራል። አተላው የት እንደሚጠራቀም አሳስቦኝ ነበር። ከማጉያው ሥር ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ፣ አቧራ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ማጉያው ተመልሶ ከጥሩምባዎቹ ጋር በተገናኘ ቀን ጓድ በላቸው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ። ከዚያ፣ «ይሰማል?»

የሚሰማውማ ከመጠን በላይ ነበር። ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። ወረቀት ሲገልጥ ተሰማ። ከላፍቶ የመጡት ገበሬ የወተት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ዙሪያቸውን አዩ፤ ሰውዬው አጠገባቸው የቆመ መስሏቸው ነው። አጎቴ ሱቁ በር ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በማግሥቱ እትዬ ወርቅነሽ ጨው ሊገዙ መጡ። ጨዉን አልገዙም።

«ነስሩ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ምን በደልንህ?»

«ምነው?»

«ይሄን ሰውዬ እኮ አልጋዬ ውስጥ አስገባህብኝ።»

እናቴ ሳቀች። እትዬ ወርቅነሽ አልሳቁም።

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ» አለ አጎቴ።

«ሥራህማ ሥራህ ነው። ትንሽ አበላሽተህ ብትሠራው ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለኋ።»

«እንግዲህ አንተ እወቅ» አሉ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። «የእኔን ልጅ እነሱ ያውቁታል።»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግርማ ተጠራ። ስሙ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ በየቤቱ ገባ። የቤት ቁጥሩም አልቀረ። አልሰማንም የሚባል ነገር አልነበረም። እትዬ ወርቅነሽ ከዚያ በኋላ ጨው የሚገዙት ከማዶ ነው፣ ቦዩን ተሻግረው፣ በዚያ ጭቃ። ሰው ሁሉ በአጎቴ ላይ ፊቱን አዞረ። እሱ ግን የሰውን ዝምታ እንደ ሌላ ብልሽት ነበር የሚያየው፤ መንስኤውን ካገኘ የሚጠግነው ይመስለው ነበር። ስለ ባለሙያ ንጹሕነት የሚነገረውን ውዳሴ የማልቀበለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። አጎቴ ግርማን አልጠራም። ግርማ ግን የተጠራው በአጎቴ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

የስኳር ኩፖን ይዤ ቀበሌ ተላክሁ። ኩፖኑን የሚፈርመው ጓድ በላቸው ራሱ ነበር።

«የነስሩ እህት ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ማይኩን ምን አድርጎበት ነው እንዲህ የጠራው?»

ይህን የመሰለ ትልቅ ሰው እኔን የሚያህል ልጅ የሚያውቀውን አያውቅም። ደረቴ አበጠ። «ቀይ መብራት ከቶበት ነው» አልኩት። «ውስጡ። እሷ ናት የምታጠራው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቀይ?» አለ።

«ቀይ።»

ከሰዓት በኋላ ሱቃችን መጣ። የመስከረሙ በዓል ቀርቧል፣ ማጉያው ሜዳው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ይቀመጣል፣ ያ እንግዳም ተመልሶ ይመጣል። መብራቷ ፊት ለፊት ወጥታ ኮከብ ውስጥ እንድትበራ ፈልጓል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጌጥ አይደለችም» አለው አጎቴ።

«ማን ጌጥ ናት አለህ? ሠራተኛ ናት። ሠራተኛ ጓሮ ተደብቆ ይኖራል?»

«ቦታዋ እዚያ ነው። ከሙቀቱ አጠገብ መሆን አለባት።»

«በቦታዋ መቆየቱ ይበቃታል። ወደ ፊት ትውጣ።»

«ሌላ መብራት ከፊት ላድርግልዎት?»

«የማትሠራውን?» አለ ጓድ በላቸው፣ ከልቡ ተቆጥቶ። «የሚሠራው ይታይ እንጂ።»

አጎቴ ከቆርቆሮ ኮከብ ቆርጦ ቀይ ቀባው። ከአልጋው ሥር የቀረችውን ሁለተኛዋን መብራት ኮከቡ መሐል አስገባና ከመብራት ኃይሉ ጋር ብቻ አገናኛት። እውነተኛዋን አልነካትም። ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ «ይቺ ትታያለች፣ ያቺ ትሠራለች። ማንም አይጎዳም።» እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት እንጀራ በደንብ በላች።

ጓድ በላቸው ኮከቡን ወደደው። ለመጣ ለሄደው ያሳየዋል። እኛን ልጆቹን ለበዓሉ መዝሙር ሊያስጠኑ አዳራሹ ውስጥ ሲሰበስቡንም ማጉያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ልጆች፣ ድምፃችንን ያጠራችው ይህች ናት» አለን። ልጆቹ አጨበጨቡ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ለዚያች ውስጥ ለተቀመጠችው መብራት የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ ዛሬ ቅናት እለዋለሁ። ያቺ ጨለማ ውስጥ ተጋግላ ስትሠራ፣ ይቺ ምንም ሳትሠራ ይጨበጨብላታል። ይህን ፍትሕ ያስተማሩን ራሳቸው ነበሩ። በክፍል ውስጥ እንደማደርገው እጄን አወጣሁ።

«እሷ ምንም አትሠራም» አልኩ። «እውነተኛዋ ውስጥ ናት።»

ጓድ በላቸው መጀመሪያ ማጉያውን አየ፣ ከዚያ እኔን። ቀስ ብሎ መጥቶ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። «ጎበዝ» አለኝ። «እንዲህ ነው እውነት መናገር።» በዚያ ዓመት ከትልቅ ሰው ያገኘሁት ሙገሳ እሱ ብቻ ነው። ቤት እስክደርስ ድረስ እጁ ራሴ ላይ ያለ ያህል ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

አጎቴን ያን ዕለት አስጠሩት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመውበት እውነተኛዋን ከቦታዋ አስነቅለው፣ በረጅም ቀጭን ሽቦ ወደ ፊት አስወጥተው፣ ኮከቡ መሐል እንዲያስገባት አደረጉት። የውሸቷን ኪሱ ከቶ መጣ። እራት አልበላም።

«ማን ነገረው?» አለች እናቴ።

አጎቴ ወደ እኔ አላየም። አለማየቱን ግን አየሁት። «ራሱ ከፍቶ አይቶ ይሆናል» አለና ጣቶቹን ማገላበጥ ጀመረ።

የበዓሉ ቀን ካፊያ ነበር። ሜዳው ሞልቷል፣ እንግዳው ከፊት ተቀምጧል፣ ኮከቡ ጠረጴዛው ላይ ይበራል። ጓድ በላቸው ቀስ ባለ ድምፁ ጀመረ፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። ትንሽ እንደተናገረ ኮከቡ ላይ የዝናብ ጠብታ አየ። ንግግሩን ሳያቋርጥ መሐረቡን አውጥቶ በፍቅር ጠረገው። ቀጭኗ ሽቦ የተበጠሰችው ያኔ ነው።

መብራቷ ጠፋች። ጥሩምባዎቹ እንደሚታረድ ነገር አንዴ ጮኹና ዝም አሉ። ከማጉያው ክዳን ሥር ጭስ ወጣ፣ ከጭሱ ጋር ያ ሽታ። አጎቴ ሰውን እየገፋ ደርሶ ሶኬቱን ሲነቅል ረፍዶ ነበር፤ አሉሚኒየሙ ጣቶቹን ጠበሳቸው። ሁለቱም ባንዴ ስበዋል።

«አሻጥር» አለ ጓድ በላቸው። ከዚያ ጮኸ። «አሻጥር ነው!» ያለ ማይክ ሲጮኽ ያን ቀን ነው የሰማነው፤ ለካ ሲፈልግ ማጉያም አያስፈልገውም። እንግዳው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

እንዲጠግነው ሦስት ቀን ሰጡት።

አጎቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እቃ እየለቀመ ለራሱ የሠራው አምፕሊፋየር ነበረው። አርብ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ዘፈን የሚሰማበት፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቅደው። እሱን ፈታና ሁለቱን ትራንዚስተሮች አወጣ። የተጠበሱት ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፣ ብሎን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ከኪሱ የቀረችዋን መብራት አወጣ።

እናቴ በርበሬውን ትታ መጥታ ከፊቱ ቆመች። «ነስሩ፣ አበላሽተህ ሥራው።»

እሱ መብራቷን ወደ ብርሃን አንስቶ አያት።

«እትዬ ወርቅነሽ ያሉህን አድርግ። ትንሽ ይቀደድ። በየሳምንቱ ይበላሽ፣ በየሳምንቱ ይጥሩህ። የሚፈልጉህ ሰው ሁን።»

«ሞክሬያለሁ» አለ።

«መቼ?»

«አሁን። ከመምጣትሽ በፊት። ሁለት ጊዜ አወጣኋት።» መብራቷን ከእጁ ወደ እጁ አዛወራት። «ወላሂ ሞክሬ ነበር። ድምፁን እሰማዋለሁ። አልችልም።»

እናቴ ዞር ብላ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። መብራቷን ቦታዋ ላይ፣ ከሙቀቱ አጠገብ አስገባት። በራች።

ጓድ በላቸው ክዳኑን አስከፍቶ አያት። ኮከብ የሚባል ነገር አላነሳም። «አሁን አይበላሽም?»

«አይበላሽም» አለ አጎቴ።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ካልነኩት ዓመታት።» ቀና ብሎ ነው ይህን ያለው።

«ዓመታት» አለ ጓድ በላቸው። ደብተሩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈበት። እኔ ምስጋና የጻፈለት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት የአዲሱ ዙር ስም ተጠራ። ከቦዩ ማዶ ውሃ ስቀዳ ነበር። ጓድ በላቸው አይቸኩልም፣ አይጮኽም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የቤት ቁጥር። ሰባተኛው የእኛ የቤት ቁጥር ነበር። ከሁሉም ቀስ ብሎ ያነበበው እሱን ነው። አንዲት ፊደል አልወደቀችም።

አብዮት ጠባቂዎቹ ሲመጡ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አልሰማንም» አለቻቸው።

«እትዬ ከድጃ» አላት ያ ስለ ስኳሩ የጠየቀው ጠባቂ፣ እያፈረ። «መላው መካኒሳ እኮ ሰምቷል።»

«እኛ አልሰማንም።»

እትዬ ወርቅነሽ ከጓሯቸው በኩል ሁሉን ያያሉ። ሲሳደቡ ለመስማት ጠበቅኩ። ቦዩን ከተሻገሩበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤታችን መጡና የእናቴን ክንድ ያዙ። «ነይ ግቢ፣ ከድጃ» አሏት። «ተሰምቷል።»

አጎቴ ሲሄድ የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበር። አሁን እኔ በሃያ ስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ።

ካሚዮኑ ቀበሌው ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። እናቴ ስንቁን በጨርቅ ቋጥራ እጁ ላይ አደረገችና ፊቷን ሸፈነች። እሱ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ስለ መብራቷ ሊጠይቀኝ መሰለኝ። የምለውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«ስሜ ሲጠራ የት ነበርሽ?» አለኝ።

«ከቦዩ ማዶ።»

«እዚያ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ?»

«ተሰማ።»

«ሳይቆራረጥ? ቀስ ብሎ እኮ ነው ያነበበው።»

«ሳይቆራረጥ።»

ሰው ሥራውን ሲያመሰግንለት እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ። ከዚያ ካሚዮኑ ላይ ወጣ።

«አይሰማም» ልለው ይገባ ነበር። አውቀዋለሁ። ሊያስተካክለው ይወርድ ነበር።